«የት ሞተ?» ከማለታችን በፊት

(ጅማ ከተማ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለዕድር ሰብሳቢዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

እንደምን አመሻችሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የዕድር ሰብሳቢዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎችም። ዝናቡ እስኪያባራ ያስጠበቅኳችሁ ወድጄ አይደለም። የጅማ ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ተናጋሪ ዝም ይላል።

አሁን ያስተዋወቀኝ ወጣት «የሕፃናት ሞት በክልሎች መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዱናል» ብሏል። አስረዳለሁ። በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ከመካከላችሁ ካሳ የሚባል አለ? ምትኩስ? ተካልኝ? ማስረሻ?

ብዙ ናችሁ። በአያቶቻችን ዘመን የሞተውን ሕፃን የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት አልነበረም። መዝገቡ ቀጥሎ የተወለደው ልጅ ስም ነበር። ካሳ ከተባለ የተወሰደ አለ፤ ምትኩ ከተባለ ቦታውን ለቆ የሄደ አለ። የእኔ አባት ምትኩ ነው የሚባለው። በማን ምትክ እንደመጣ ግን ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ ያ ፊተኛው ልጅ ስም ሳይወጣለት ነበር የሄደው። አንዲት ሴት በየዓመቱ ወልዳ ስትቀብር ደግሞ «ሾተላይ አለባት» ይባል ነበር። ሾተላይ ማለት እንግዲህ የዚያን ጊዜው የሞት ምክንያት ምስክር ወረቀት ነው።

ሰላምታችንንም ልብ በሉት። አራስ ጥየቃ ገብተን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የምንለው። ማረችሽ፤ እናቲቱን። ለሕፃኑ እንዲህ ያለ ቃል የለንም። ቋንቋው ራሱ «እሱን ገና እናያለን» ብሎ ያቆየው ይመስለኛል። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ የቋንቋ ሰዎች አትቆጡኝ።

ተማሪ ሳለሁ ለሲቢቲፒ፣ ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብቶ ለሚደረገው የተግባር ትምህርት ማለት ነው፣ ከርሳ ወረዳ ተመደብን። ጅማ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቅጽ ይዞ፣ ጭቃ እየረገጡ፣ ቤት ለቤት መዞር ነው። አንድ ቤት ገባን። ሴትዮዋ ቡና እየቆላች ነበር። ኦሮምኛ የሚችለው ጓደኛዬ ይጠይቃል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ስንት ልጆች ወልደሻል?» «አምስት።» «ስንቱ አሉ?» «አምስቱም።» አምስት ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ልናልፍ ስንል፣ ጥግ ይዘው የተቀመጡት አማቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ስድስት ነው እንጂ። ያ ሌሊት መጥቶ ሌሊት የሄደውስ?» አሉ። ሴትዮዋ ዓይኗን ከምጣዱ ሳታነሣ መለሰች፦ «እሱማ አልተቀመጠም።»

ጓደኛዬ ተረጎመልኝ፤ እኔም ስርዝ ድልዝ አድርጌ አምስቱን ስድስት አደረግኩት። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ስለዚያ ስርዝ ድልዝ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

የሕፃናት ሞት መጠን የሚባለው በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል አንደኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ የሚሞቱት ቁጥር ነው። አገራችን ይህን የምታውቀው በዋናነት በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ጠያቂዎች ቤት ለቤት ሄደው አንዲትን ሴት የወለደቻቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስቆጥሯታል። «ተወልዶ ያለቀሰ፣ የተነፈሰ፣ የተንቀሳቀሰ፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን በሕይወት የነበረ ልጅ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለው። ይህ ጥያቄ የተጨመረው «አልተቀመጠም» ለሚባሉት ነው። በየቤቱ ግን ጥግ ይዘው የሚያርሙ አማት የሉም።

የአገር አቀፉ ታሪክ ሲታይ ደስ ያሰኛል። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 97ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1997 ዓ.ም 77 ሆነ፣ በ2003 ዓ.ም 59፣ በ2008 ዓ.ም 48። በ16 ዓመት ውስጥ ግማሽ ወረደ ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ሲገቡ፣ የሳንባ ምች ክትባት በ2004 ዓ.ም፣ የሮታ ቫይረስ ክትባት ደግሞ በ2006 ዓ.ም ሲጀመር፣ አጎበር ሲታደል የመጣ ለውጥ ነው። ይህን ያደረጉ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥም አሉ፤ ጃንጥላ እንኳ ሳይኖራቸው ዳገት የወጡ ሴቶች ናቸው።

አሁን ወደ ክልሎቹ። የ2008ቱ ጥናት ስለ ክልሎች ያወጣው ሰንጠረዥ ፊት ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነገር ነው፤ እንደ እግር ኳስ ደረጃ ከላይ ወደ ታች እናነበዋለን። አዲስ አበባ 28፤ አንደኛ። ትግራይ 43፤ ይህ እንግዲህ ከጦርነቱ በፊት ነው። ኦሮሚያ 60። አፋር 81፤ መጨረሻ። ከዚያ «አፋር ምን ሆኖ ነው?» ብለን አንድ ሁለት ቃል እናወራና ገጹን እንገልጣለን።

እኔ ዛሬ መሐል ላይ እንድትቆሙልኝ ነው የምፈልገው። እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ 67። አማራ ክልል 67፣ ሶማሌ ክልል 67፣ ድሬዳዋ 67። የጎጃም ደጋ፣ የጎዴ በረሃ፣ የድሬዳዋ ሰፈር። አየሩ አይመሳሰልም፣ ምግቡ አይመሳሰልም፣ መንገዱ አይመሳሰልም። በደረጃ ሰንጠረዡ ግን ሦስቱም እኩል ናቸው።

እዚያው ገጽ ላይ የሞቱበትን ጊዜ እንጠይቅ። ከአማራ ክልል 67 ሞት ውስጥ 47ቱ የደረሱት በመጀመሪያው ወር ነው። በቀሩት አሥራ አንድ ወራት 20 ብቻ። በሶማሌ የመጀመሪያው ወር 41 ወሰደ፣ ቀሪው 26። በድሬዳዋ 36 እና 31፤ ለሁለት የተከፈለ ማለት ይቻላል። ከላይ እኩል የሆነው ቁጥር ሆዱ ሲከፈት ሦስት የተለያየ ነገር ወጣው። በመጀመሪያው ወር የሚሞት ጨቅላ የሚሞተው ያለጊዜው ተወልዶ፣ ምጥ ላይ ታፍኖ፣ ወይም ደሙ ተመርዞ ነው። ከወሩ በኋላ የሚሞተው ደግሞ በሳንባ ምች፣ በተቅማጥ፣ ቆላ ከሆነ በወባ፣ በኩፍኝ፣ በምግብ እጥረት ነው። የመጀመሪያውን የሚያድነው አዋላጅ ነው፤ ሁለተኛውን የሚያድነው ክትባት፣ ንጹሕ ውሃና ቶሎ የተሰጠ መድኃኒት። ስለዚህ ሁለት ክልሎች 67 ናቸውና አንድ ዓይነት እርዳታ ላኩላቸው ማለት፣ ሁለት ሰው እኩል ትኩሳት ስላለው አንድ ዓይነት መርፌ ውጉት እንደማለት ነው።

አፋርን በዚህ መነጽር እንየው። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት 38 ናቸው። የእኛ ኦሮሚያ 37 ነው! አፋር በመጀመሪያው ወር ከኦሮሚያ ብዙም አይለይም፣ ከአማራ ክልልም ያንሳል። አፋር የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። እስከ ዓመት ድረስ ተጨማሪ 43 ይሞታሉ። ዓመት ከሞላቸው ከ1,000ው ደግሞ 48ቱ አምስት ዓመት ሳይደርሱ ያልፋሉ፤ በአማራ ክልል ይህ 19 ነው። በዚያው ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱ ሕፃናት በአዲስ አበባ ከመቶ 89፣ በአፋር ከመቶ 15 ነበሩ። ክትባት በቀዝቃዛ ሣጥን ተይዞ ቋሚ ቦታ ላለው ሰው የሚሰጥ ነገር ነው። አርብቶ አደሩ ደግሞ ሣር ባለበት ነው። ቀጠሮ ሲደርስ መንደሩ የለም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ አለዚያ ራሴን እቃረናለሁ። የአፋርን 38 ስሰማ ያቺ የከርሳ ሴትዮ ትዝ ትለኛለች። በመጀመሪያው ቀን የሞተ ሕፃን ከጠያቂ የሚሰወር ሕፃን ነው። ጠያቂው ከተማ ያደገ፣ ቤተሰቡ በጉዞ ላይ፣ ቋንቋው በአስተርጓሚ በሆነበት ሁሉ «አልተቀመጠም» የሚባሉት ይበዛሉ። ስለዚህ የመጀመሪያ ወር ሞት ዝቅ ብሎ የታየበት ቦታ ሁሉ ሕፃናቱ ዳኑ ማለት ላይሆን ይችላል። ከፍ ያለውም ቦታ ምናልባት እናቶቹ በደንብ የቆጠሩበት ነው።

ሌላም የሚያደናግር አለ። ከኋላ ያለው ተማሪ ሲጽፍ ቆይቶ አሁን ግንባሩን ሲቋጥር አይቻለሁ። «የአገሪቱ 48 ነው ካሉ፣ ኦሮሚያ 60፣ አማራ 67፣ ደቡብ 65 ከሆነ፣ ትልልቆቹ ሁሉ ከአማካዩ በላይ እንዴት ይሆናሉ?» ነው ጥያቄህ? ትክክል ነህ። የአገሪቱ ቁጥር ከጥናቱ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት ነው የሚያሳየው። የክልሎቹ ግን ወደ አሥር ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ምክንያቱም ጥናቱ በመላ አገሪቱ የጠየቀው ወደ 16,650 ቤት ነው። ያ ለአሥራ አንድ ሲከፋፈል በየክልሉ የሚገኘው የሕፃን ሞት ጥቂት ስለሚሆን፣ ቁጥሩ እንዳይዋዥቅ ዓመት ይጨመርበታል። እናም የክልል ቁጥር ሁልጊዜ ትንሽ አሮጌ ነው። ደቡብ ያልኩት ክልል ራሱ ዛሬ የለም። ሲዳማ ወጣ፣ ጎረቤቶቻችን እነ ቦንጋ ደቡብ ምዕራብ ሆኑ፣ የቀረው ለሁለት ተከፈለ። ክልሉ ፈርሶ ቁጥሩ ቀረ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ጅማ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ የት ነው?

የለም። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ የጅማ ዞን ሕዝብ 2.49 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የአፋር ክልል በሙሉ 1.39 ሚሊዮን። ሐረሪ 183 ሺህ። ጅማ ዞን የሐረሪን ከአሥራ ሦስት እጥፍ በላይ ሕዝብ ይዞ፣ ሐረሪ የራሷ መስመር ሲኖራት፣ እኛ «ኦሮሚያ፦ 60» የሚለው ውስጥ ከቦረና አርብቶ አደር፣ ከወለጋ ገበሬ፣ ከአዳማ ከተሜ ጋር ተቀላቅለን እንገኛለን። ሐረርን ለመውቀስ አይደለም፤ ክልል ናትና ይገባታል። ግን «የክልሎች ልዩነት» ስንል የአስተዳደር ወሰን እየለካን እንጂ የሕፃናቱን ዕድል እየለካን እንዳልሆነ ልብ እንድትሉ ነው። ከጅማ ሕርማታ ተነስቶ የዴዶ ዳገት ላይ እስካለች ጎጆ ያለው ልዩነት፣ ከክልል ክልል ካለው ልዩነት ቢበልጥ እኔ አልደነቅም።

መጠንና ብዛትንም አናደባልቅ። አፋር ከመቶው ብዙ ይሞትበታል፤ በብዛት የሚሞቱት ግን ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። በዚያው ቆጠራ ኦሮሚያ 27 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። መጠኑ ዝቅ ቢልም የሚቀበሩት ሕፃናት ከአፋሮቹ ከአሥር እጥፍ በላይ ናቸው። ደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያይም።

ጅማ ቁጥር የላትም ስል ግን ጅማ አልቆጠረችም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ብዙ አገር ያልቆጠረውን ቆጥራለች። በ1985 ዓ.ም፣ ዩኒቨርሲቲው ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሳለ፣ በጅማ፣ በኢሉባቦርና በከፋ የተመረጡ ቀበሌዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የተወለዱ ከስምንት ሺህ በላይ ሕፃናት ተመዝግበው፣ በየሁለት ወሩ ቤታቸው እየተኬደ እስከ አንድ ዓመታቸው ክትትል ተደርጎላቸዋል። ልብ በሉ፤ ይህ እናቲቱ ከአምስት ዓመት በኋላ የምታስታውሰው አይደለም። ሕፃኑ ባለበት ቤት ሄዶ «አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መኪና በሌለበት፣ ስልክ በሌለበት ዘመን። ከዚያም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጊልጌል ጊቤ የምርምር ማዕከል በኦሞ ናዳ፣ በከርሳ፣ በሶኮሩና በጢሮ አፈታ ወረዳዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ልደቱንም ሞቱንም ዝውውሩንም እየመዘገበ ኖሯል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ስለ ሕመሙ በዝርዝር ይጠየቃል፤ ከዚያ ሐኪሞች ምክንያቱን ይገምታሉ። (ስለ ከርሳ ስታነቡ ተጠንቀቁ፤ ምሥራቅ ሐረርጌም ከርሳ የሚባል ወረዳ አለ፣ እዚያም በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ተመሳሳይ ክትትል አለ። አንዱን ከርሳ ለሌላው ጠቅሰው የጻፉ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ እጄ ገብቶ ያውቃል።)

ከዚያ ጊቤ አካባቢ ከወጣው ሥራ አንዱ፣ የጊልጌል ጊቤ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ ያሳየው ነው። ግድቡ መብራት ሰጠን፤ ለዳርቻው ልጆች ግን ትንኝም አብሮ መጣ። ያው ወረዳ፣ ያው ዞን፣ ያው ክልል ነው። ልዩነቱ ከውሃው የሚያርቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። የትኛው የክልል ሰንጠረዥ ይህን ይነግራችኋል?

አሁን የሚከብደኝ ክፍል ላይ ደረስን።

ለብዙ ዓመት የምንለው «እናቶች ጤና ተቋም ይውለዱ» ነው። በ2008 ዓ.ም ጤና ተቋም የወለዱ እናቶች በአገር ደረጃ ከመቶ 26 ነበሩ። አዲስ አበባ 97፣ ኦሮሚያ 19፣ አፋር 15። በ2011 ዓ.ም በተደረገው አነስ ያለ ጥናት አገራዊው ወደ 48 ዘለለ። ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ወር ሞትስ? በ2008 ከ1,000 29 ነበር። በ2011 33 ሆኖ ተገኘ። በናሙና መዋዥቅ ልዩነቱን ልናልፈው እንችላለን፤ «ጨመረ» ብዬ አልከራከርም። ግን አልወረደም። ተቋም የሚወልዱት እጥፍ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው፣ ጨቅሎቹ ግን እንደነበሩ።

ሌላ የሚያስገርም ልንገራችሁ። በ2008ቱ ጥናት በከተማ የመጀመሪያው ወር ሞት 41፣ በገጠር 38 ነው። ከተማው አይሻልም! ከወሩ በኋላ ከተማው በግልጽ ይሻላል፤ 13 ለ24። በመጀመሪያው ወር ግን አይሻልም። አዲስ አበባ 18 ናት፤ ስለዚህ ይህን 41 ያደረግነው እኛ ነን፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለን ከተሞች። አስፋልት አለን፣ ባጃጅ አለን፣ ጤና ጣቢያው በእግር ይደረሳል። ደርሰን ምን እናገኛለን ነው ጥያቄው።

የሕክምና ባለሙያ ላልሆናችሁ፣ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ልግለጽላችሁ። ሕፃን ሲወለድ አብዛኛው ራሱ ይጮኻል። ጥቂቱ አይጮኽም። ይደርቃል፣ ጀርባው ይታሻል፣ አፍና አፍንጫው ይጠረጋል። አሁንም ካልተነፈሰ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ አየር ይሰጠዋል። አምቡ ባግ ውድ ዕቃ አይደለም፤ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ፊኛና ጭምብል ነው። ነገር ግን ያ ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ የያዘችው ሌላ ተረኛ ከሆነች፣ ሕፃኑ ጤና ተቋም ተወልዷል፤ ቁጥራችን ውስጥ ገብቷል፤ ግን ቤት ከተወለደው የተሻለ ዕድል አላገኘም። ይህን እንደ ምሳሌ የወሰድኩት አይደለም። አይቼዋለሁ። ያቺ አዋላጅ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ቆዳው ስስ ነው፤ ሙቀት አይዝም። የጅማ ሌሊት ደግሞ በክረምት ቀዝቃዛ ነው። ማሞቂያ ሣጥን ከሌለ የእናት ደረት አለ፤ ሕፃኑን ራቁቱን በጡቶቿ መካከል አስተኝቶ በነጠላ መጠቅለል። ባለሙያዎቹ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው ይህንን ነው። የተጀመረው ቦጎታ ኮሎምቢያ ውስጥ ማሞቂያ ሣጥን ባጠራቸው ሐኪሞች ነበር፤ ስለዚህ የድሃ ብልሃት ነው ብለን አንናቀው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አራሷ ተኝታ የምትውልበት አልጋ ያስፈልጋል፣ የምትበላው ያስፈልጋል፣ ቤት ያሉትን ልጆች የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። በሦስተኛው ቀን «ልሂድ» ትላለች። የምትሄደው ስላልገባት አይደለም። ቤት የቀረችው ላሟ ናት፣ ሌላው ልጇ ነው።

እርግጥ የእናቶች ማቆያ ቤት፣ መውለጃዋ የቀረበ ሴት ጤና ተቋም አጠገብ የምትሰነብትበት ቤት፣ እሱም ተሞክሯል። በአገራችን አጣጥ ሆስፒታል፣ ጉራጌ ውስጥ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ነገር ነው። በእኛ ዞንም በጎማ፣ በከርሳና በሰቃ ጮቆርሳ ማቆያ ቤቶችን አሻሽሎ፣ የአካባቢ መሪዎችን አሠልጥኖ የተደረገ ሰፊ ጥናት ነበር። ለውጡ የተጠበቀውን ያህል ጎልቶ አልወጣም። እኔ ይህን ውድቀት አልለውም። ማቆያ ቤት መሥራትና ቤቷን ትታ የመጣችን ሴት ቤት መጠበቅ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያስተማረን ይመስለኛል።

እዚህ ከተማ ያለው ትልቁ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሁልጊዜ ሞልቶ ነው የምታዩት። ከዳውሮ ይመጣል፣ ከከፋ ይመጣል፣ ከኢሉባቦር ይመጣል። ሪፈር የተጻፈለት ሕፃን አምስት ሰዓት መንገድ ላይ ቆይቶ፣ በጨርቅ ብቻ ተጠቅልሎ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ይደርሳል። ከዚያ በገባ በሁለት ሰዓቱ ያርፋል። የሆስፒታሉ መዝገብ «ጅማ ሞተ» ይላል። ሰው ደግሞ «ያ ቤት የገባ አይወጣም» ይላል። በቤት ለቤት ጥናት ግን የሚቆጠረው በእናቲቱ ቀዬ ነው። ሁለቱም መዝገብ አልዋሸም። ግን አንዱ ወደ ሞተበት፣ አንዱ ወደ ተወለደበት ይጠቁማል። እኔ ብጠየቅ የሞተው መንገድ ላይ ነው፤ በጅማ ወይም በእናቲቱ ቀዬ ሳይሆን በአምቡላንሱ ውስጥ፣ ማንም ደረቱ ላይ ሳያስተኛው። ሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠችውን አክስቱን «ልብስሽን ከፍተሽ ያዢው» ብሎ የሚነግር አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ ብዙ ሌሊት አስቤያለሁ።

ስለዚህ ወንድሜ ዛሬ «ስለ ክልሎች ልዩነት» ሲል የጠየቀኝን ስመልስ፦ ክልል ሕፃን አይገድልም። የሚገድለው የሆነ ሰዓት ላይ የጎደለ ነገር ነው። ያ ሰዓት በአማራ ደጋ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በአፋር ስድስተኛው ወር ወይም ሁለተኛው ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ጊቤ ዳር ከክረምት በኋላ ወባው ሲነሣ ነው። ሰዓቱን ካወቅን የጎደለውን እናውቃለን። የክልሉን ስም ብቻ ካወቅን ግን የምናውቀው በማን እንደምንፈርድ ነው።

ሰዓቱን ለማወቅ ደግሞ መጻፍ ይፈልጋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ነው። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። እንግዲህ አስቡት። በሦስተኛው ቀኑ የሞተ ሕፃን ልደቱ ገና አልተመዘገበም፤ ጊዜ አለ ተብሎ። ከሞተ በኋላ ደግሞ የማን ልደት ይመዝገብ? ያልተወለደ አይሞትምና ሞቱም አይጻፍም። ወረዳ ድረስ ሄዶ ለሁለት ወረቀት የሚሰለፍ ሐዘንተኛ አባት እስካሁን አላጋጠመኝም። ኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ልጁ ወንድ ከሆነ አርባውን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያዋን ይጠብቃል። ሙስሊሙም ስም የሚያወጣበት ቀን አለው። ከዚያ በፊት የሄደ ሕፃን በቤተሰቡ ዘንድ ራሱ ግማሽ እንግዳ ነው።

የዕድር ሰብሳቢዎችን ጥሩልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር። በዚህ ከተማ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ይልቅ ሞትን ቶሎ የሚሰማው ዕድር ነው። ድንኳን የሚተከለው ለአዋቂ ነው፤ ለሕፃን ብዙ ጊዜ አይተከልም፣ ክፍያውም ወይ የለም ወይ ያንሳል። ይህን ለውጡ አልልም፤ መተዳደሪያ ደንባችሁን እናንተ ታውቃላችሁ። የምለምናችሁ አንድ መስመር ነው። እገሌ ቤት፣ በዚህ ቀን፣ ይህን ያህል ቀን የኖረ ሕፃን አረፈ። ቤት ነው የተወለደው ወይስ ጤና ጣቢያ፤ ይህንንም ብትጨምሩ። በዓመቱ መጨረሻ የአሥር ዕድር መዝገብ ጎን ለጎን ቢዘረጋ፣ የጅማ ከተማ የራሷን መስመር ማየት ትጀምራለች።

ይህን ለራሴ ሰፈር ዕድር ባለፈው ወር አቅርቤው ነበር። ሰብሳቢው ተስማሙ። ፀሐፊያችን ጋሼ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ እጅ ጽሑፋቸው ያማረ ሰው፣ መዝገቡን ገልጠው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉና «ልጄ፣ መጀመሪያው ዓምድ 'የሟች ስም' ነው የሚለው። ስም ሳይወጣለት የሄደውን ምን ብዬ ልጻፈው?» አሉኝ።

አባቴ ትዝ አለኝ። «የእናቱን ስም ይጻፉ ጋሼ» አልኳቸው። ጻፉ። እስከ ትናንት ማታ ሦስት መስመር ሞልቷል።